የመኪና ባትሪ ለምን ቶሎ ቶሎ ይወርዳል? መርምሮ ስለ መጠገን
የሳይንስ ክበብ ጽሑፍ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ማታ ያለ እንከን ተነድቶ የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል፣ ወይም ከሌላ መኪና በካቦ ተይዞ ይነሣል። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። ጥቂት ወራት ደህና ከሰነበተ በኋላ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው መውረድ ይጀምራል።

እዚህ ጅቡቲ ከሚኖሩት ወላጆቻችን መካከል በመኪና ሠርተው የሚያድሩ ጥቂቶች አይደሉም። ለእነርሱ መኪናው አልነሣም ያለበት ጠዋት ገቢ የሌለበት ቀን ነው፤ አዲስ ባትሪ ደግሞ የብዙ ቀን ገቢ ይወስዳል። ስለዚህ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት በፊዚክስ ክፍል ስለ ቮልቴጅና ስለ ከረንት የተማርነውን ይዘን ይህን ጉዳይ ዘንድሮ ለጥናት መረጥነው።

ከጥናታችን ያገኘነውን ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር። ባትሪ መውረዱ እንደ ትኩሳት ነው፤ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። በቤታችን ጣሪያ ላይ ያለውን የውሃ ሮቶ እናስብ። ጠዋት ባዶ ሆኖ ካገኘነው ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ሮቶው ተሰንጥቋል፣ ወይ የሚሞላው ቧንቧ ውሃ አያመጣም፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሳይዘጋ ያደረ ቧንቧ አለ። ባትሪም እንዲሁ ነው። ወይ ባትሪው ራሱ መያዝ አቅቶታል፣ ወይ ዲናሞው አይሞላውም፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ከረንት የሚወስድ ነገር አለ። ሳይዘጋ ያደረ ቧንቧ እያለ አዲስ ሮቶ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው።

ባትሪው ውስጥ ምን አለ?

ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1859 ሊድ ወይም እርሳስ ከተባለው ከባድ ብረትና ከሰልፈሪክ አሲድ እንደገና ሊሞላ የሚችል ባትሪ ሠራ። ዛሬም በአብዛኞቹ መኪኖች ኮፈን ሥር ያለው የዚሁ ባትሪ ዘር ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጡ በ6 ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል። 6 ጊዜ 2.1 ሲባዛ 12.6 ይሆናል። ስለዚህ የሞላ ባትሪ ልክ 12 ሳይሆን 12.6 ቮልት ነው። ይህን ቁጥር እንያዘው።

ባትሪው ሲሠራ በአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ እርሳሱ ፕሌቶች ሄዶ ይለጠፋል፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ስንሞላው ደግሞ ሰልፌቱ ከፕሌቶቹ ለቅቆ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ ለብዙ ቀናት ከቆየ የተለጠፈው ሰልፌት ይደነድንና አልመለስም ይላል። በሌላ ምክንያት በተደጋጋሚ የወረደ ባትሪ በመጨረሻ ራሱም የሚበላሸው ስለዚህ ነው። ባትሪ ሻጩ «ሞቷል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ማን እንደ ገደለው ግን ገና አልታወቀም።

በባትሪው ላይ «50 አምፒር ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ 2.5 አምፒር ለ20 ሰዓት ያህል መስጠት ይችላል ማለት ነው። ይህም የሮቶው ሊትር እንደ ማለት ነው።

ከመንካታችን በፊት

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በቀላሉ ይፈነዳል። ስለዚህ በአጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስም። አሲዱ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ መነጽርና ጓንት እናደርጋለን፤ ከነካን በብዙ ውሃ እናጥባለን፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እያጠብን ወደ ሐኪም እንሄዳለን። ቀለበትና የብረት ሰዓት እናወልቃለን።

ካቦ ሲፈታ ሁልጊዜ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ምክንያቱም የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጋቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። ኔጋቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስንፈታ የያዝነው ቁልፍ ድንገት የመኪናውን ብረት ቢነካ ከረንቱ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ብልጭታና ቃጠሎ ይከተላል።

የሚያስፈልጉን መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። አንድ መልቲሜትር፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃሉ።

አንደኛ፦ ሮቶው ተሰንጥቋል ወይ?

መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ራሶች እናያለን። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዙ ወይም ካቦው ላልቶ ከተነቃነቀ ባትሪው ደህና ቢሆንም ከረንቱ በደንብ አያልፍም፤ ሲሞላም አይገባም። ካቦዎቹን ፈትተን ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን እናጥባለን፣ በብሩሽ እናጸዳለን፣ አድርቀን አጥብቀን እናስራለን። የሶዳው ውሃ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ መዘጋታቸውን እናረጋግጣለን። ብዙ «የሞቱ» ባትሪዎች በዚህ ብቻ ይነሣሉ።

ከዚያ ቮልቱን እንለካለን። መኪናው ከቆመ ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት ማለፍ አለባቸው፤ ጠዋት ገና ሳይነሣ ቢለካ ይሻላል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ነው፤ ከ11.9 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከ12.6 እስከ 12.0 ያለው ልዩነት በዓይን ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከሙሉ ወደ ሩብ መውረድ ነው።

ቀጥሎ ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ በሙሉ እንሞላዋለን። ከዚያም ከመኪናው ጋር ሳናገናኘው ሌሊቱን እናሳድረዋለን። ይህ ፈተና ቀላል ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን ትልቅ ነው። ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ አድሮ ጠዋት 12.6 አካባቢ ከተገኘ ባትሪው ያኖሩትን ይይዛል፤ ሌባው መኪናው ውስጥ ነው። ብቻውን አድሮ ወደ 12.2 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ግን ችግሩ ራሱ ባትሪው ነው።

በመጨረሻ የሞላውን ባትሪ ከመኪናው ጋር አገናኝተን አንድ ሰው ሞተር ሲያስነሣ ቮልቱን እናያለን። ሞተሪኖው ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቮልቱ ለጥቂት ሰከንድ ይወርዳል። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል፤ መለወጥ ያለበት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚሞላው ቧንቧ ይሠራል ወይ?

ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ እንደገና በባትሪው ራሶች ላይ እንለካለን። ጥቂት ነዳጅ ስንሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ዲናሞው ይሞላል። መብራቱን፣ ቬንትሌተሩንና ኤሲውን አንድ ላይ ስናበራ ከ13 በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ እየሠራ 12.4 ወይም 12.2 ከሆነ ዲናሞው ምንም እየሰጠ አይደለም፤ መኪናው የሚሄደው ከባትሪው እየበላ ነው። ከ15 ቮልት በላይ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን የዲናሞውን ቮልት በኮምፒውተር ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ዲናሞው የማይሞላ ከሆነ ወዲያው አይወረወርም። ችንጋው ላልቶ ወይም አርጅቶ ይንሸራተት እንደሆነ፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሽቦ ተቃጥሎ ወይም ላልቶ እንደሆነ፣ የሞተሩ ማሳ ሽቦ ዝጎ እንደሆነ ይታያል። ውስጡ ያለው ካርቦን ካለቀም ካርቦኑን ብቻ መለወጥ የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ የምንፈልገው ነገር አለ። በየሰፈሩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባል የቆየ ፈተና አለ። በኮምፒውተር በሚሠሩ መኪኖች ላይ ይህ አይደረግም። ካቦው በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቱ በድንገት ተተኩሶ ኮምፒውተሩን ወይም ራሱን ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። መልቲሜትር ያንኑ ጥያቄ ያለ ጉዳት ይመልሳል።

ሦስተኛ፦ ሳይዘጋ ያደረ ቧንቧ አለ ወይ?

ባትሪውም ዲናሞውም ደህና ከሆኑ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚወስደውን እንፈልጋለን። ቁልፉን አውጥተን፣ መብራቱንና ሬዲዮውን አጥፍተን፣ በሮቹን ዘግተን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። የሚጠበቀው የመኪናው ኮምፒውተሮች ወዲያው ስለማይተኙ ነው። ኮፈኑ ሥር መብራት ካለ አምፑሉን እናወጣለን።

መልቲሜትሩን ወደ 10 አምፒር መለኪያ እንለውጣለን፤ ቀዩንም ሽቦ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ እንሰካለን። ከዚያ የኔጋቲቩን ካቦ ፈትተን አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን ከተፈታው ካቦ ጋር እናገናኛለን። ባትሪውን ስለ ፈታነው ኮምፒውተሮቹ ሊነቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ እስኪረጋ እንደገና እንታገሣለን። አሁን ወደ መኪናው የሚሄደው ከረንት ሁሉ በመለኪያው ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት ወይም መብራት ማብራት ፈጽሞ አይገባም፤ መለኪያው ይቃጠላል።

ሰዓቱንና የማንቂያ ደወሉን ለማቆየት እያንዳንዱ መኪና ጥቂት ከረንት ይወስዳል። እስከ 0.05 አምፒር ድረስ የተለመደ ነው። 0.05 በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ 50 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ 20 ቀን ያህል ይቆያል። መለኪያው 0.5 አምፒር ቢያሳይ ግን በቀን 12 አምፒር ሰዓት ይሄዳል፤ ግማሹ በ2 ቀን ገደማ ያልቃል።

ለዚህ ትልቅ ብልሽት አያስፈልግም። የዕቃ መጫኛው ክዳን በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ አንዲት ባለ 5 ዋት አምፑል በርታ ብትቀር 5 ለ12 ሲካፈል 0.42 አምፒር ትወስዳለች። በክፍል ውስጥ የተማርነው «ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ እንሄዳለን። አንድ ሰው መለኪያውን እያየ ሌላው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ይመልሳል። አንዱ ሲወጣ ቁጥሩ በድንገት ከወረደ ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው። ፊውዙ የምን እንደሆነ ከሳጥኑ ክዳን ላይ እናነባለን፤ ከዚያም በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች እየነቀልን እንለያለን። የተለመዱት የዕቃ መጫኛና የመሳቢያ መብራት፣ ሬዲዮ፣ በኋላ የተገጠመ የማንቂያ ደወል፣ የመኪና መከታተያ፣ ሳይነቀል የሚቀር የስልክ ቻርጀር እና ተጣብቆ የቀረ ሬሌ ናቸው። ሁሉም ፊውዝ ወጥቶ ቁጥሩ ካልወረደ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተያያዙ ሽቦዎችና ዲናሞው ይቀራሉ። በዲናሞው ውስጥ ያለው ዳዮድ ከተበላሸ መኪናው ቆሞ ሳለ ከረንት ወደ ኋላ ያፈስሳል።

በአንድ መኪና ላይ ያየነው

የአንድ ተማሪ አባት በአሮጌ ቶዮታቸው ከመሐል ከተማ ወደ ባልባላ ዕቃ ያመላልሳሉ። እዚህ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ያቆሙትን መኪና የሚያስነሡት ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ለውጠዋል፤ ሦስተኛ ግዙ ተብለው ነበር። ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ሆነን መኪናቸውን በቅደም ተከተል መረመርነው።

ባትሪው ተሞልቶ ለብቻው አድሮ 12.6 ቮልት ተገኘ። ዲናሞው 14.2 ሰጠ። ቆሞ የሚወስደው ከረንት ግን 0.8 አምፒር ነበር። ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት 36 ሰዓት ነው፤ 0.8 በ36 ሲባዛ 28.8 አምፒር ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 45 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በአንድ የዕረፍት ቀን ወደ ሁለት ሦስተኛው ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ቢወጡም ቁጥሩ አልወረደም። ስለዚህ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ የሚነሡትን ሽቦዎች ተከተልን። አንድ ቀጭን ቀይ ሽቦ ከመቀመጫ ሥር ወዳለ የድምፅ ማጉያ ይሄዳል። ማጉያው እንዲበራ የሚያዝዘው ሽቦ በቁልፍ በሚሠራ መስመር ላይ መሆን ሲገባው፣ የገጠመው ሰው ከዚሁ ከባትሪው መስመር ጋር አያይዞታል። ሬዲዮው ቢጠፋም ማጉያው ቀንና ሌሊት በርቶ ይኖር ነበር። ያችን ሽቦ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከረንት ወደሚያገኝ መስመር አዛወርናት፤ መለኪያው ወደ 0.03 ወረደ። ጥገናው የፈጀው ግማሽ ሜትር ሽቦ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሁለቱ ቀደምት ባትሪዎች ግን በትንሽ ሽቦ ጥፋት ተፈርዶባቸው ሄደዋል።

ሙቀትና አጭር ጉዞ

ብዙ ሰው ባትሪ የሚጎዳው በብርድ ነው ብሎ ያስባል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ለጊዜው ይቀንሳል፤ ዕድሜውን የሚያሳጥረው ግን ሙቀት ነው። በባትሪ ሙያ የሚታወቅ ግምት እንደሚለው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። እዚህ በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኮፈን ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ጥላ ሥር ማቆም፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ በሞቃቱ ወራት በየወሩ ውሃውን ማየት ይገባል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ጨዋማነት ስላለው ፕሌቶቹን ይጎዳል፤ አሲድም አይጨመርም፤ የጎደለው ውሃው ነውና።

ሌላው የአጭር ጉዞ ነገር ነው። የወረደ ባትሪ በ10 ደቂቃ ጉዞ አይሞላም። ተገፍቶ የተነሣ መኪና ገበያ ደርሶ ሲመለስ «ሞልቷል» ይባላል፤ ባትሪው ግን ከግማሽ በታች ሆኖ ያድራል፤ ሰልፌቱም መደንደን ይጀምራል። በቻርጀር ቢሆን እንኳ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። አንዴ የወረደ ባትሪ ቻርጀር ላይ ማደር አለበት።

አሮጌው ባትሪ የት ይሄዳል?

ሳይመረመር የተጣለ ባትሪ ሌላም ጉዳት አለው። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ፣ በኬንያ ሞምባሳ አጠገብ ኦዊኖ ኡሁሩ በምትባል መንደር፣ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ነዋሪዎቹን መርዟል። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች የዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ ሕፃን ልጇ ታምሞ በደሙ ውስጥ እርሳስ በመገኘቱ ተነሥታ ታገለች፤ ፋብሪካውም ተዘጋ፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 ጎልድማን የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አገኘች። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበርም፣ አሲዱ መሬት ላይ አይደፋም፣ ልጆች አይጫወቱበትም። ሳይዘነበል፣ ሳይከፈት፣ አሮጌውን ለሚረከብ ሻጭ ይመለሳል።

ለማጠቃለል ያህል ወላጆቻችን ባትሪ ከመግዛታቸው በፊት አራት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ባትሪው ለብቻው አድሮ ስንት ቮልት ሆነ? ሞተር ሲነሣ እስከ ስንት ወረደ? ሞተሩ እየሠራ ስንት ሆነ? መኪናው ቆሞ ስንት አምፒር ይወስዳል? እነዚህን ቁጥሮች የያዘ ባለመኪና ጋራዥ ሲሄድ የሚጠግነውን ነገር ለይቶ ይሄዳል። ክበባችን መልቲሜትር አለው፤ መለካት የሚፈልግ ወላጅ ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ መኪናውን ይዞ ቢመጣ አብረን እንለካለን። ከተቻለ መኪናውን ማታውኑ አምጥቶ ማቆም ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሚታመነው መኪናው ሳይነሣ ካደረ ነውና።